እስከ አንጓ የወረደ እጅጌ

ለእህቴ ባል፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ እንደኔ ተላመድከው? ስድስት ዓመት ዘግቼህ ዛሬ ስለ ወገብህ መጠየቅ እንደማያምርብኝ አውቃለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር? ልጅህ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ክርክር መውደዷ በኔ ወጥታ ነው፤ ስትተኛ ግን ቁርጥ አንተን።

ባለፈው ሳምንት መምህርቷ አስጠራችኝ። የልጅቱን ክንድ ገልጣ አምስት የጣት ምልክት አሳየችኝና ማነው እንዲህ የሚይዛት አለችኝ። እኔ ነበርኩ፤ ደረጃ ላይ ስትደናቀፍ ቀብ አድርጌያት። እንዳትወድቅ ነው የያዝኳት አልኩ። ያኔ ደጃፌ ላይ ቆመህ ስለ እህቴ ክንድ ያልከኝ እሱኑ ነበር፣ ቃል በቃል። መምህርቷ ግን ከኔ ትሻላለች፤ ሐኪም ይያት አለች።

ሐኪሙ በዘር የሚመጣ፣ ብዙም የማይታይ የደም በሽታ ነው አለ። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ቁጥራቸው ሙሉ ነው፣ ሥራ ግን አይሠሩም። ጉዳይ ለማስጨረስ መሥሪያ ቤት ስመላለስ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቶሎ ገባኝ። ትንሽ ጫን ካሏት ሰውነቷ ይጠቁራል። እናቷ በምን ሞተች ሲለኝ ጥርስ አስነቅላ ደሙ አልቆም ብሏት አልኩ። ጻፈው። ከኔም ደም ቀዳ፤ የወጋበት ክንዴ እስካሁን እንደጠቆረ ነው።

ጉድ የሠራኝ ልብስ ሰፊነቴ ነው። እህቴ ቀሚስ ባሰፋች ቁጥር እጅጌው ይርዘም ትለኝ ነበር። እኔ በሜትር እየለካሁ ያንተን ዱላ ቆጠርኩ። ማንም አልነካኝም ስትል ፈርታ መሰለኝ። ካንተ ነጠልኳት፤ ስትቀበርም ደጄን ዘጋሁብህ። አሁን ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ከበስተኋላዬ ትንሽ ጨምርበት ትለኛለች። ዞሬ አላይም።

ለልጅህ እውነቱን ነገርኳት። ታዲያ ለምን አልመጣም አለችኝ። በሩን ዘግቼበት ነው አልኳት። አሁንም ዝግ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

መጥተህ ውሰዳት። ሐኪሙ የጻፈውን አብሬ ልኬልሃለሁ፦ አስፕሪን እንዳትቀምስ፤ ጥርሷንም ቢሆን ሐኪሙ ሳያውቅ ማንም እንዳይነካው። ሳትውል ሳታድር ና፣ እኔ አጠገቧ እያለሁ ትልመድህ።

ለራሴ ሸሚዝ እየሰፋሁ ነው። በዚህ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓ መውረዱ ደንበኞቼን አስቋቸዋል።

እጅህን ይባርክልኝ፤ ልጅህን የምትይዝበት ነው።

የልጅህ አጎት