የግራጫዋ ሸረሪት አገር

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ ጠዋት

ከት/ቤቱ ጀርባ ለሸረሪት ወጥመድ የቀበርኳቸውን ቆርቆሮዎች አየሁ። ሁለቱ ዝናብ ሞልቷቸዋል። በአንዱ አንዲት ግራጫ ሴት ሸረሪት፣ የዕንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አንጠልጥላ። ለካኋት፣ መዘገብኳት። ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ። የዶ/ር በላቸው ደብዳቤ ደረሰ። ፖስታው ላይ «አሶሳ፣ ወለጋ» ይላል። የክልሉ ም/ቤት ሰሌዳ ተሰቅሎ ቀለሙ ደርቋል፤ ለሰውዬው ግን አሶሳ ገና ወለጋ ናት። ዩኒቨርሲቲ አብረን ስንማርም ሳያይ ይጽፍ ነበር።

ፍርዱ፦ የእኔ ተኩላ ሸረሪት ራሷን የቻለች ዝርያ አይደለችም። የደጋዋ ቡናማ ሸረሪት ናት፤ ቆላ ወርዳ በሙቀት የገረጣች። የሸረሪት መጽሐፉ በሰኔ ማተሚያ ቤት ይገባል። በካርታው ላይ ከነቀምቴ እስከ አሶሳ አንድ ቀለም ተቀብቷል። ከታተመ ማን ያስተካክለዋል? የዓመታት ሥራዬ በአንድ ብሩሽ ሊጠፋ ነው።

ሚያዝያ 19

ተናድጄ አደርኩ። ካርታውን ደግሜ አየሁት። ነቀምቴ ነጥብ አለው፣ ጊምቢ አለው፣ መንዲ አለው። ናሙና ሰብሳቢዎቹ መኪና ያቆሙበትና ክትፎ ያዘዙበት ቦታ ሁሉ ነጥብ አለው። ይሄ የሸረሪት ስርጭት አይደለም፣ የሆቴል ስርጭት ነው። ድር ሳትሠራ መሬት ለመሬት እየሮጠች የምታድን ፍጥረት በሆቴል ግቢ ትፈለጋለች?

ግን አንተ ደብተር፣ ለአንተ ልዋሽ አልችልም። በመንዲና በአሶሳ መካከል እኔም አልፈለግኩም። እሱ ልክ ከሆነ፣ መሃል ላይ ባምባሲ ሲደረስ ከፊል ግራጫ ከፊል ቡናማ የሆኑ መገኘት አለባቸው። እኔ ልክ ከሆንኩ ሁለቱም በአንድ ማሳ ይኖራሉ፣ ሳይደባለቁ። ሌላ መውጫ የለም። እስካሁን ያልሄድኩት መኪና አጥቼ ነው። ትንሽ ፈርቼም ነው።

ሚያዝያ 26፣ ቅዳሜ፣ ባምባሲ

በአይሱዙ መጣሁ፣ ከሲሚንቶ ጋር። ማሳው የኦቦ ቶለራ ነው። ግማሹ ለዘር ተቃጥሏል፣ ግማሹ ሣር ነው። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«እኛ ከቤት ጠርገን እናወጣታለን። መንግሥት እሷን ፈልግ ብሎ ደሞዝ ይከፍልሃል?»

«መንግሥት አያውቅም።»

«እንግዲያው እኔም አላየሁህም፣ መምህር።»

እስከ እኩለ ቀን ምንም። ሣሩን ገለጥኩ፣ ድንጋይ አነሳሁ፣ ባዶ። ኦቦ ቶለራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ካፊያ ጣለ፣ ፀሐይ ወጣ፣ መሬቱ ተላወሰ። በአመዱ ላይ ግራጫዋ። በሣሩ ዳር ቡናማዋ። ቀጥሎ በአንድ የበቆሎ ጉቶ ሥር ሁለቱም፣ ጎን ለጎን።

ከፊል ከፊል የሆነ ፈለግኩ። በቅን ልቦና ፈለግኩ፣ ከሐሳቤ ጋር የሚጣላውን። አንድም የለም። ደስታዬን ለመደበቅ ኦቦ ቶለራን በከንቱ ተቆጣሁት። ይቅርታ ጠየቅኩ። ይባስ ብሎ ሳቀ።

ሚያዝያ 27፣ አሶሳ

ሸረሪቶቹን በሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ሚስቴ ዘነበች ተነሳችብኝ። እንግዳ ቢመጣ በምን ልታጠጣ ነው አለች። እንግዳ አልጠራሁም አልኩ።

«ጠርተሃል እንጂ። እግራቸው የበዛ።»



በማይክሮስኮፕ አየሁ። በግራጫው ወንድ መዳሰሻ ጫፍ ያለው መንጠቆ ሁለት ጥርስ አለው፣ የቡናማው አንድ። ሁሉንም አየሁ፣ አንዱም አላፈነገጠም። ሙቀት ቀለም ያገረጣ ይሆናል። ጥርስ አያበቅልም።

ሚያዝያ 28

ብርጭቆው ውስጥ ደረቅ የቀርከሃ ቅጠል አነጠፍኩ። ግራጫውን ወንድ ከቡናማዋ ሴት ጋር አደረግኩ። ጥግ ይዞ ቆመ። አንስቼ ከግራጫዋ ጋር አደረግኩት። የፊት እግሮቹን አነሳ፣ ሊያጫት ቅጠሉን ይመታ ጀመር። ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል። ዘነበች ከወጥ ቤት መጣች፤ ምንድን ነው የሚንኳኳው አለች። አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ስለ ብርጭቆዎቹ ሌላ አልተናገረችም።

ቡናማውን ወንድ ወደ ግራጫዋ አስገባሁት። በላችው። መዝግቤያለሁ።

ግንቦት 3

ናሙናዎቹ በአልኮል፣ ሥዕሉና ደብዳቤው በአውሮፕላን ወደ በላቸው ሄዱ። ደብዳቤው አጭር ነው። ሁለት ስድብ ሰርዤ አንዱን መለስኩት።

ግንቦት 21

ከስልክ ቤት ተጠራሁ። ደዋዩ በላቸው ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ። በመጨረሻ ተናገረው፦ ከፍቶ አይቷል፣ ጥርሱን ቆጥሯል፣ ተሳስቷል። ራሷን የቻለች ዝርያ ናት። የዝርያዋን ገለጻ ራስህ ጻፍ፣ በስምህ ይወጣል አለኝ። ስልክ ቤቱ ውስጥ እንደ ሕፃን መዝለል አማረኝ። ኮቴን ቆለፍኩ።

ቀጠለ። ጥፋቱን ሊክስ ፈልጎ መሰለኝ፣ ክልሉን በሙሉ፣ መተከልንም ጨምሮ፣ በግራጫዋ ቀለም ልቀባልህ ወይ አለኝ። ያምራል። ያንን ካርታ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ባረጅ እወዳለሁ።

መተከል ረግጬ አላውቅም። እዚሁ አጠገባችን ያለውን ሆሞሻንም በሸረሪት ዓይን አላየሁትም። አትቀባ አልኩት። አሶሳ ነጥብ፣ ባምባሲ ነጥብ፣ ሌላው ነጭ ወረቀት።

ሳቀ። አልተለወጥክም አለኝ። አልተለወጥኩም።

ቆርቆሮዎቹን ከመሬት አውጥቼ አጥቤያለሁ። ት/ቤት ሲዘጋ ሆሞሻ፣ ከዚያ ወደ መተከል እሄዳለሁ።