በሕልም የሚጠራ ስም፦ የዶክተር ቨርኒታ ሞዴስት የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ቨርኒታ ሞዴስት ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ካትበርት ሞዴስትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢስሜ፣ በግሬናዳ ደሴት በጉያቭ ከተማ ማርች 3 ቀን 1944 ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ኤድሊን ነኝ። አባታችን "ይህች ልጅ መረብ ስታይ ቀዳዳውን ነው የምትቆጥረው" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው አጠናቀው አስተማሪ ሆኑ። በ1969 የአራት ዓመት ልጃቸውን ጆስሊንን ለእናታችን ትተው ወደ አሜሪካ፣ ብሩክሊን ተሻገሩ። ቀን የሰው ልጅ እያሳደጉ፣ ማታ እየተማሩ፣ ለራሳቸው ልጅ ጫማና ሩዝ በመርከብ በሚጫን በርሜል ይልኩ ነበር። ትዳር ሲመጣላቸውም "ፈተና አለብኝ" ብለው መለሱት።

በ1977 ጆስሊን መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እጇን ዘርግታ፣ "ጤና ይስጥልኝ፣ ሚስ ቨርኒታ። ደህና ነዎት?" አለች። ማሚ የምትለው አያቷን ነበር። እህቴ ፈገግ ብለው ሻንጣዋን አነሱ፤ ቤት ሲገቡ ግን አለቀሱ።

በ1986 ዶክትሬታቸውን አግኝተው፣ ከደሴቶቻችን የመጡ ወጣቶች አዲሱን አገር ምን ያህል እንደለመዱ ሲለኩ ኖሩ። በሚያስተምሩበት ኮሌጅ የነበረው መለኪያ አንድ ነበር፤ ልጁ ወደ አሜሪካ በቀረበ ቁጥር ከደሴቱ ራቀ ይባል ነበር። እህቴ ሁለት አደረጉት፤ ለደሴቱም ለብቻ፣ ለአሜሪካም ለብቻ። በመጠይቁ መጨረሻ ላይም አንድ ጥያቄ ጨመሩ፦ "በሕልምህ ማንን ትጣራለህ?"

አንዱ ልጅ የብሩክሊኑ የምድር ባቡር ጉያቭ ላይ ቆሞ በሩ ሲከፈት ባሕሩ እግሩ ድረስ እንደሚገባ፣ አንዷ ደግሞ የካካዎ ፍሬ ማስጫው ላይ በረዶ ሲወርድ አያቷ እየሳቀች እንደምትጠርገው ነገሯቸው። ባልደረባቸው "ቨርኒታ፣ ሕልም እኮ አይለካም" ቢላቸው፣ "ታዲያ ልጆቹ የት የሚኖሩ መሰለህ?" አሉት። የገዛ ልጃቸውን ግን ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ አልደፈሩም። መልሱን ፈርተው ነው። ጆስሊን አድጋ፣ ነርስ ሆና፣ በደንብ ጦራቸውም "ሚስ ቨርኒታ" ማለቷን አልተወችም። ሰው አክብሮት ነው ይላል፤ እሳቸውን አክብሮቱ ያማቸው ነበር።

የልብ ሕመሙ በጸናባቸው ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔም ባለሁበት ጆስሊን አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በእንቅልፏ "ማሚ!" ብላ ጮኸች። እህቴ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ማንን ነው የተጣራሽው፣ ልጄ?"

ጆስሊን በቅጡ ሳትነቃ፣ "አንቺን ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?" አለቻቸው።

"እንግዲያው እዚሁ ነኝ" አሉ።

ያየችውን ሕልምም፣ ማንን እንደተጣራችም ጨርሶ እንደማታስታውስ በኋላ ነገረችኝ። ለእሳቸው አልነገርናቸውም።

ኖቬምበር 21 ቀን 2019 አረፉ። ጆስሊንን፣ እኔንና ዛሬ ጸጉራቸው የሸበተውን እነዚያን ወጣቶች ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም "ከየት መጣሽ?" በማይልበት ቤት ያሳርፍልን።