ግልባጭ፦ ለጨለለቅቱ

እሑድ፣ ጥቅምት 2
የሰበካ ጉባኤያችን ወንበር ሊገድለኝ ነው። አንድ እግሩ አጭር። ዘንበል ስል አብሮኝ ዘንበል ይላል… ምክትል ሊቀ መንበር መሆኔን የነገረው የለም?

«ጋሽ ሽመክት፣ ወንበሩ ትሕትና እያስተማረዎት ነው» አሉ አስተዳዳሪያችን ቀሲስ ገሪማ።
«ከእርስዎ ስብከት እሱ ይሻላል» አልኳቸው። ውሸቴን ነው።

የሥራ ክፍፍላችን ግልጽ ነው። ቅዳሴው የእሳቸው፣ የሚያፈሰው ጣሪያ የእኔ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ክፉ ወሬ። ወረዳ ቤተ ክህነት ካህናት ሊያዘዋውር ነው አሉ። ቀሲስ ገሪማንም? የጌዴኦን እናቶች በቋንቋቸው በጌዴኡፋ የሚያናዝዝ ቄስ ከየት ይመጣል? ባለቤቴስ? አትጠገብ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እምቢ ብላ ነበር። እሳቸው እየመጡ አጠገቧ ዝም ብለው ተቀመጡ። አንድም ቀን ነይ አላሏት። አንድ እሑድ ራሷ ነጠላዋን አነሳች…

ደብዳቤ ጻፍኩ። አጻጻፉን ማንም አላስተማረኝም፤ ቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ነው የለመድኩት። «እኚህን አባት አይውሰዱብን» ለማለት ገጽ ሙሉ ሙገሳ አወረድኩ።

የእህቴ ልጅ ሀኒ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ስትተይበው «አጎቴ፣ ለጵጵስና ነው እንዴ የምታጫቸው?» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
መልስ መጣ። «እንዲህ ያለ መልካም አባት ካህን ወደ ቸገረው አጥቢያ መሄድ ይገባዋል።» የተመደቡት ጨለለቅቱ ነው! በገዛ እጄ መርቄ ሸኘኋቸው።

አትጠገብ ምሳ አቀረበች። የራሷን ይዛ ጓዳ ገባች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21
እንግዲህ ጥፋት ይፈለግላቸው። ውሸት ግን አልጽፍም፤ ማኅተም ያርፍበታል።

«አንደኛ፣ ስብከታቸው ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ሁለተኛ፣ ለቅሶ ቤት ከዘመድ ቀድመው እየደረሱ ያሳፍሩናል። ሦስተኛ፣ ባለሀብቱንም ቀን ሠራተኛውንም በአንድ ወረፋ ያቆማሉ። አራተኛ፣ በስብሰባ ይስቃሉ።»

ለራሳቸው አሳየኋቸው። ሰው በጀርባው አይከሰስም።
«አራተኛውን አልክድም» አሉ እየሳቁ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ጋሽ ሽመክት፣ እኔ የታዘዝኩበት እሄዳለሁ። ግን… ይላኩት።»

ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ራቁቱን ነው። ለማን ይሁን? ለጨለለቅቱ ሰበካ ጉባኤ! አንብበው ይሽሹ።
«አጎቴ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለች ሀኒ።
እሷ ስለ ግልባጭ ምን ታውቃለች?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26
ከቤተ ክህነት ተደወለ። አቤቱታው እስኪጣራ ዝውውሩ ቆሟል! ለአትጠገብ ነገርኳት። ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ… መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አየሁ። ብልህ ፊት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29
ከምሳ በኋላ በር ተንኳኳ። የማላውቃቸው ሴትዮ። እስከ ቅንድባቸው አቧራ፤ ከኋላቸው ያመጣቸው ሞተረኛ።

«ፀሐይወርቅ እባላለሁ። የጨለለቅቱ ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር።»

የእኔው ሹመት! እጃቸው ላይ የእኔው ግልባጭ። በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

«ይህ ሁሉ ጥፋት እውነት ነው?»

አይደለም ብል ቀሲስ ይቀሩልናል? አትጠገብ ከኋላዬ ቆማለች። ማኅተሜም ከፊቴ።

«እውነት ነው» አልኩ። ድምፄ አነሰ።

«እልል የሚያሰኙ ጥፋቶች! የኛው ቄስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነበር የሚሰብኩት፤ አሁን ጡረታ ወጡ። ጠዋት ቤተ ክህነት ይህንን አነበብኩላቸው። ዝውውሩን ፈቅደውልናል። እዚህ የመጣሁት፣ እስኪመጡ ድረስ አደራ እንዳያርሟቸው ልልዎት ነው።»

ወደ አትጠገብ መዞር ፈራሁ… እሷ ግን አልፋኝ ወጣች፤ የሴትዮዋን ትከሻ አቧራ በነጠላዋ ጫፍ አራገፈች።

«እትዬ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ጨለለቅቱ የሚያደርስ መኪና ይኖራል?»