ከሞተሩ ላይ የተንጠለጠለችው ቀይ ገመድ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለናቲ፣ ለኢንጂነሩ፤

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። የአስር ቁጥር ቁልፌን የት አባትህ አደረግካት? የመሣሪያ ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ስምንት አለች፣ ዘጠኝ አለች፣ አስራ አንድ አለች፤ አስር የለችም። ከአጎቱ የሚሰርቅ ሰው ቢያንስ የማትረባዋን ይሰርቃል እንጂ ሁሉን ብሎን የምትፈታዋን አንዷን መርጦ ይወስዳል? ሌባ!

ይኸው ከተለያየን ዘጠኝ ወር ከአንድ ሳምንት ሆነን። ልጽፍልህ በተቀመጥኩ ቁጥር ከቁልፏ ማለፍ ያቅተኛል። ስለ ቁልፏ እጽፋለሁ፣ እሳደባለሁ፣ ወረቀቱን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ዛሬ ግን ማለፍ አለብኝ።

ቤቱ ያው ነው። ሊፍቱ እንደተበላሸ ነው፤ ስድስተኛ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ። የታክሲ ሥራውን ተውኩት። ተሳፋሪ እየጫንኩ መንገድ እየጠፋኝ አስቸገርኩ፤ እዚሁ ለንደን ውስጥ ከዋይት ሲቲ ኪልበርን ለመሄድ መንገዱ የሚጠፋው ሹፌር ምን ይሠራል? ቀልድም ቀንሻለሁ። ሰው ይኼን እንደ በሽታ እያየው ነው።

አዲሱ ነገር የጀልባህ ሞተር እኔ ዘንድ መሆኑ ነው። መርማሪዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ደውለው ውሰድ አሉኝ። እናትህ፣ "ያንን ነገር ዓይኔ እንዳያየው" ስላለችኝ ሸጥኩት ብያታለሁ። መሸጥ ግን አልቻልኩም። በሩን ከፍተህ ስትገባ ከኮት መስቀያው ስር፣ በእጅህ በሠራህለት የእንጨት ማቆሚያ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እንደምትፈልገው ነው የምይዘው። ቤንዚኑን ቤት ውስጥ እንዳትነካው ትል ስለነበር፣ ከነጉልበቴ ሕመም ሞተሩን ተሸክሜ ታች ሜዳው ላይ አውርጄ ቀዳሁት። ቆይቶ ካርቡራተሩ ውስጥ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል ያልከኝን አልረሳሁም። ካንዴላውን ፈትቼ አጸዳሁ። የማርሹን ዘይት ቀየርኩ፤ ወተት መስሎ አልወጣም፣ ስለዚህ ውሃ አልገባበትም። ውሃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር አውልቄ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን የዓሣ ማጥመጃ ክር ለቅሜ ግሪስ ቀባሁት። በዚህ ከተማ እንደሱ የሚጠበቅ ሞተር ያለ አይመስለኝም። ወንዝ ግን ዳግመኛ አያይም።

ታስታውሳለህ የገዛኸው ሰሞን? አንተ ሥራ ላይ ሳለህ ባልኮኒው ላይ የቆሻሻ በርሜሉን ውሃ ሞልቼ፣ ሞተሩን ነክሬ አስነሳሁት። ሕንጻው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ከሥራ ስትመለስ የጎረቤት ጩኸት ታች ድረስ ተሰምቶህ ደረጃውን እየዘለልክ መጣህና አጠፋኸው፤ መስኮቱን ሁሉ ከፋፈትክ። "ጋሼ፣ ጭሱ ይገድላል እኮ! ሰው ተኝቶ እንደሆነ እንኳ ሳያውቀው ነው የሚሞተው!" አልከኝ። እኔ ደግሞ በደስታ፣ "ሸና! ሸና!" እያልኩ ነበር። ከጎኑ ያቺ ቀጭን ውሃ ካልወጣች ሞተሩ እየጋለ ነው፣ ወዲያው አጥፋ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሸናን ግን እኔ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ አንተም ሞተሩን ባስነሳህ ቁጥር ጎንበስ ብለህ አይተህ፣ ፊትህን ኮስተር አድርገህ፣ "ሸንቷል" ትለኝ ነበር።

እኔ መኪና የተማርኩት በጆሮዬ ነው፤ ሲንኳኳ እሰማለሁ፣ ከዚያ እመታዋለሁ። አንተ መጽሐፉን ከነማስጠንቀቂያው ታነባለህ። ሃክኒ ቦይ ዳር ጀልባዋ ላይ ስንገጥመው፣ ከኋላ ሰሌዳዋ ጋር የሚያጣብቁትን ሁለት ብሎኖች በእጅህ አጠበቅክ፤ እኔ በመዶሻ ልጨምርበት ስል መዶሻውን ቀማኸኝ። ቢላቀቅ ወንዝ እንዳይገባ በሰንሰለት አሰርከው። ግማሽ ሰዓት ነድተህ ተመለስክና ብሎኖቹን እንደገና አጠበቅክ። ቤንዚን ስትሞላማ! ጀሪካኑን ከጀልባዋ አውርደህ መሬት ላይ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ፣ እስከ አፉ ሳትሞላ፣ ሽታው እስኪጠፋ ቆመህ። "ቅዳሴ ነው እንዴ?" እልህ ነበር። አንተም፣ "አዎ፣ ቅዳሴ ላይ አይወራም" ብለህ አፌን አስያዝከኝ።

የጠበሉን ነገር ደግሞ ለማንም አልተናገርንም። እናትህ ከአገር ቤት ያስመጣችውን ጠበል በቢጫ ጀሪካን አድርጋ፣ ጉልበቴን እንዳጥብበት ይዛልኝ መጣች። ቤንዚናችንም ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነበር። እኔ እንደሁ ሳላሸት ጀልባ ላይ ወሰድኩና ታንከሩ ውስጥ ገለበጥኩት። የማስነሻ ገመዱን ሃምሳ ጊዜ ሳብክ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ታንከሩን ስትቀዳው ከስር ያለውን ውሃ አይተህ፣ ጀሪካኑን አሽትተህ፣ ሳቅህ እስኪያልቅ ሣር ላይ ተንከባለልክ። "አጥምቀኸዋል ጋሼ!" አልከኝ። እናትህ ጠበሉ የት ደረሰ ብላ ስታፋጥጠን እኔ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ፣ አንተ "እኔ ነኝ እማዬ፣ ደፋሁት" ብለህ ቁጣውን ተቀበልክ። በማግስቱ ጀሪካኖቹ ሁሉ ላይ ቤንዚን፣ ጠበል እያልክ በትልቁ ጻፍክባቸው፤ የጠበሉንም ለእናትህ መለስክላት። የኔ ጥፋት እስከ ዛሬ ባንተ ስም ተመዝግቦ አለ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥፋቴ ባንተ ስም ተመዝግቧል። ልጽፍልህ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ያቺ ቀይ ጥምዝምዝ ገመድ። አንደኛው ጫፏ ሞተሩ ማጥፊያ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ጉልበትህ ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ገመዷ ተስባ ትነቀላለች፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ጀልባዋም ቆማ ትጠብቀዋለች። ሥራዋ ይኸው ብቻ ነው። አንተ ያለሷ ነድተህ አታውቅም።

የዚያን ቅዳሜ ከቦዩ ወጥተህ ቴምዝን ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሞክር ነበር። እኔ ወደ ውሃው የሚወርደው ደረጃ ላይ ቆሜያለሁ፤ አጠገቤ የማላውቃቸው ሰዎች ወንዙን ያያሉ። ገመዷን ጉልበትህ ላይ ስታስር አየሁህና ያ የለመደብኝ መጣ። "ኢንጂነር! የፋሲካ በግ መሰልክ እኮ!" አልኩህ። ይህ አልበቃኝም። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ፣ እንደታሰረ በግ "ባ! ባ!" እያልኩ በደረጃው ላይ ተውረገረግኩ። ሰዎቹ አማርኛ አያውቁም፤ በጉን ግን አወቁት። ሳቁ። አንተም ቀልተህ ሳቅክ። ገመዷን ከጉልበትህ ፈታህና ሞተሩ ላይ አንጠልጥለህ፣ ምንም ባልታሰረበት እግርህ ፎክረህ፣ እጅህን አውለብልበህልኝ ሄድክ።

የትልቅ ጀልባ ማዕበል መጣ፤ ወደቅክ። ተንሳፋፊ ጃኬትህን ለብሰሃል፤ ውሃው አላሰጠመህም። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ጀልባዋ ያለ ሰው መዞር ጀመረች። አንዴ ዞረች፤ እኔም ከደረጃው ስምህን ጠራሁ። ሁለተኛ ዞረች፤ በቀጥታ ወዳንተ መጣች። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልጽፈውም።

መርማሪዎቹ ለእናትህ ገመዱ አልታሰረም ነበር አሏት። እሷ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውልልኛለች። "ሻይ ሲያፈላ እንኳ ምድጃውን ሁለቴ የሚያይ ልጅ ነው። እንዴት ገመዱን አያስርም?" ትለኛለች። "እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ" እላለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ እኔ ምን አውቄ። ባለፈው እሁድ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ታደሰ፣ ልጄ መኖር ጠልቶ ይሆን እንዴ? ለኔ ያልነገረኝ ነገር ነበረው?" አለችኝ።

ናቲ፣ ያኔም ዝም አልኩ። ቀልዴን ለማዳን ልጇን ድጋሚ ቀበርኩባት።

ብነግራት ካንተ በኋላ የቀረችኝን አንድ ሰው አጣለሁ። ይቅር ትለኛለች ብዬ አላስብም፤ እኔ ብሆን አልልም። ባልነግራት ደግሞ አንተን ሞት የፈለግክ አድርጋ ስታለቅስብህ ትኖራለች። አንተ እኮ በሚመጣው ፋሲካ ጀልባዋ ላይ ዶሮ ወጥ እንበላለን ብለህ ወንበር ለክተህ ነበር። ሁለቱንም መንገድ አይቻቸዋለሁ፤ በየትኛውም ጫፍ ብርሃን የለም። በየቀኑ ነገ እላለሁ። ገመዷን ከሞተሩ ነቅዬ ግራ እጄ ላይ አስሬያታለሁ፤ አሁንም እንደታሰረች ነው የምጽፍልህ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። እኔ ጋ የሚመጣ ሰው የለም።

እናትህ ናት። በቀዳዳው አየኋት። ሳትደውል መጥታ አታውቅም፤ ስድስቱን ፎቅ በእግሯ ወጥታለች። በእጇ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች፤ በላዩ ላይ ባንተ ጽሑፍ "ጠበል" ይላል። ሰው ነግሯት ይሆናል፣ ታደሰ ታሟል ብሎ።

"ኧረ ክፈት አንተ ሰው፣ እጄ ተገነጠለ!" እያለች ነው።

ሞተሩ ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ የምደብቅበት ቦታ የለም። ገመዷም እጄ ላይ ናት። አልፈታትም፣ ናቲ፤ እስካለሁ ድረስ ከዚህ እጅ አትወርድም፣ አንተም ከዚህ ሰውዬ ልብ አትወጣም። ምንድን ናት ብላ ትጠይቀኛለች። ከበጉ ጀምሬ እነግራታለሁ።

እየከፈትኩላት ነው።