የደወሉ ዳዶ

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ብርድ ነው። መብራት አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል ተብሏል። ቄሰ ገበዙ ቀድመውኝ ብረት በምቀርጽበት ቶርኖ ቤት በር ላይ ቆመዋል። የሚካኤል ደወል የተንጠለጠለበት ብሎን የሚጠብቅበት ዳዶ ጥርሱ ተበልቷል፤ ለኅዳር 12 በዓል አዲስ ይፈልጋሉ። ብሎኑ ደህና ነው፦ ውፍረቱ 20 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 2.5። እየተቻኮልኩ ወረቀት ላይ አሰላሁ፣ በሳሁ፣ ጥርስ አወጣሁለት። በጣት ሲነኩት ይሽከረከራል። እጅህ ይባረክ አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ደብተሬ፣ አንቺን ምን እዋሽሻለሁ።

ኅዳር 7

በማስተምርበት የሙያ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፈተና ሰጠሁ። ዳዶ ጥርስ ሳይወጣለት ቀዳዳው ስንት ይሁን? ቀላል ነው። ከብሎኑ ውፍረት ላይ የጥርሱን ጥልቀት ከሁለቱም ጎን መቀነስ። ፅጌ ከአንድ ጎን ብቻ ቀነሰች። ዜሮ። በአንድ ጎን የተጫነች አህያ የት ትደርሳለች አልኳት፣ ሰው ፊት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ የሁለት ልጆች እናት ናት።

ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ፅጌ ቢሮ መጣች። ማርክ ልትለምን መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። የለም፤ ትክክለኛውን አሠራር አሳዩኝ ነው የምትለው። የደወሉን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ይኸውልሽ ብዬ።

20 ሲቀነስ 1.35፣ 18.65።

አንድ ጎን ብቻ። ሁለቴ ተቀንሶ 17.3 መሆን ነበረበት። ፅጌ ቁጥሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች፣ አነሳች፣ አመስግና ወጣች።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፤ እኔ ነኝ። ዳዶው በጣት የተሽከረከረው ስለተዋጣልኝ አይደለም፤ ጥርሱ ግማሽ ስለሆነ ነው። ደዋዩ አባ ወልዴ በየጠዋቱ ደወሉ ሥር ይቆማሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ቢወድቅ አያመልጡም።

ኅዳር 11፣ ጠዋት

ደወሉ ተደወለ። እጄን ቶርኖው ላይ አድርጌ እስኪያበቃ ቆምኩ። ትናንትናውኑ መሄድ ነበረብኝ። አፈርኩ፣ ቀረሁ።

አዲስ በሳሁ። 17.3። ሁለቴ ለካሁ። ይሄኛው ይሻላል ብዬ በዘዴ ብቀይረው ማን ያውቃል? በዚህ ከተማ የሃያ ዓመት ስም አለኝ።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት

ሄድኩ። ደወሉን በገመድ አስደግፈን ዳዶውን ፈታነው። ጥርሱ መላጥ ጀምሯል፤ የብረት ፍርፋሪ መዳፌ ላይ ቀረ። አባ ወልዴ ምን ሆነ፣ ምን ሆነ ይላሉ። አዲሱ በጣት አልገባም፤ በቁልፍ ጠበቀ።

ቄሰ ገበዙ ስህተቱን ማን አየው ብለው ጠየቁ። እኔ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተማሪዬ ፅጌ ናት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ለእሷ እግዜር ይስጣት አሉ።

ነገ በዓል ነው። ከዚያ በኋላ ክፍል እገባለሁ። የፅጌ ዜሮ አይነሳም፤ ተሳስታለች። ግን መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የእኔን 18.65 እጽፋለሁ። ከሥሩ ስሜን። ከስሜ አጠገብ ዜሮ።