አዲሱ እስኪለቀቅ ዓይኔ ይቆየኝ

ለተወደድከው ታናሽ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ወገብህ እንዴት ነው? መጋዘኑ ውስጥ የምታነሣው ካርቶን ዛሬም ካንተ ይከብዳል ወይስ አዝነውልህ ጋሪ ሰጡህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩትን ግን ወደ ታች ስትወርድ አንተው ትመዝነዋለህ፤ ለአሁኑ ሰላምታው ይቅደም።

ይህ ደብዳቤ እዚህም እዚያም ቢንገዳገድብህ አትሳቅብኝ። ሰክሬ አይደለም። ጣቶቼ ኪቦርዱን እንደ አዲስ እየተማሩት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ዳዴ ማለት ምን እንደሚመስል እስክታየው ድረስ አትፍረድ። ለምን እንደምማረው ደግሞ በተራው እነግርሃለሁ። መቼም እኔ ወሬ ስጀምር ከደጅ ጀምሬ ነው ወደ ጓዳ የምገባው፣ ታውቀኛለህ።

የደጁ ወሬ ይኸውልህ። በዚህ ሰሞን ቢሯችን ሙሽራ እንደሚጠብቅ ቤት ሆኗል። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው አዲሱ ሲስተም ሊለቀቅ ነው ተብሎ ቀን ተቆርጦለታል። የሒሳብ ክፍሎቹ ስለ መልኩ ያወራሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር መቼ ነው ይላል። አንድ ምሽት በስልክ ለባልደረባዬ «ሊለቀቅ ነው እኮ» ስል እማዬ ሰምታ፣ ምን አድርጎ ታስሮ ኖሯል ብላ ጠየቀችኝ። ሲስተም ነው እማዬ ብላት፣ ስሙን መች ጠየቅኩሽ፣ ጥፋቱን ነው እንጂ አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ከሥራ ስገባ፣ ያ ሰውዬ ወጣ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።

ኮምፒውተሮቻችንን የሚጠግነውን ሰውዬ ከዚህ በፊት ጽፌልሃለሁ፤ ቦርጩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ የሚሠራው። ምንም ይበላሽ ምን መድኃኒቱ አንድ ነው፣ «አጥፍተሽ አብሪው» ይላል። እኛም ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ትተን አጥፍተሽ አብሪው እንለዋለን፤ አቤት ይላል። እሱ እንዳስረዳን እንዲህ ያለው ሲስተም ብዙ ዓይነት ቢኖረውም ደጃችን የቆሙት ሦስት ናቸው፤ እኔ ለአንዲት ልጅ እንደመጡ ሦስት ጠያቂዎች አድርጌ ነው የያዝኳቸው። አንደኛው ባለጸጋው ነው፤ መልከ መልካም፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ነገር ግን የገዛ ዕቃውን ካልገዙለት ሰው ቤት የማያድር። ሁለተኛው ነጻው ነው፤ የደቦ ሥራ ነው፣ ከየአገሩ የተሰባሰበ ሰው በትርፍ ጊዜው የሠራው። ዋጋ አይጠይቅም፣ የኔን ዓይነት ሽማግሌ ማሽን ላይ እንኳ እንደ ልጅ ይሮጣል፤ ፕሪንተራችንን ሲያይ ግን የት አውቅሽና ይላታል። ሦስተኛው አሁን የያዝነው ነባሩ ነው፤ የሚለቀቀውም የዚሁ የነባሩ አዲሱ ነው። ነባሩን ለምደነዋል። ሥራ በበዛበት ቀን እየታደስኩ ነውና አትንኩኝ ብሎ ቁጭ ይላል፣ እኛም ዝም እንላለን፤ ትዳር ማለት ይኸው አይደል።

ታዲያ አንቺን ከታይፕሽ ሌላ ምን አገባሽ ትለኛለህ። አገባኝ፣ ወንድም ዓለሜ። እዚህ ላይ ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

ዓይኔ እየሄደ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። መነጽር መስሎኝ ሄድኩ፣ የዓይን ሐኪሟ ግን መነጽር የሚደርስበት ቦታ አይደለም አለችኝ። የማየው ነገር መሃሉ እየጠፋ ዳርዳሩ ብቻ ይቀራል። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ጆሮዎቹ ሁለቱም ይታዩኛል፣ አፍንጫው ግን የለም። ጽሑፍ ስመለከት ደግሞ ያየሁበት ቦታ ሁሉ ይሸሸኛል፤ ዶሮ እንደማባረር ነው፣ የጨበጥኩ ሲመስለኝ ጥግ ላይ ነች። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እናዘግየው እንደሆነ እንጂ አለችኝ። ለእማዬ አልነገርኩም። መርፌ ክር አስገቢልኝ ስትለኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ወደ ጎረቤት እሮጣለሁ፤ እሷም ልጄ ኮራች እያለች ታማኛለች። ትማኝ። ላንተም ያልነገርኩህ ከዚያ ሆነህ ምን ታደርጋለህ፣ ካርቶን ተሸክመህ ታለቅሳለህ እንጂ ብዬ ነው።

ሥራዬን የያዝኩት በጣቴ ነው። ጣቴ ፊደሉን ያውቀዋል፣ ስክሪኑን ባላይም ይሄዳል። ሰዎቹ ቀና ብዬ ግድግዳ እያየሁ ስጽፍ ሲያዩኝ የችሎታዬ ብዛት መስሏቸው ያደንቁኛል። ግን ባለፈው ወር ምን ሆነ መሰለህ፣ የስብሰባ አዳራሽ እንዲፈቀድልን የሚጠይቅ ደብዳቤ ስጽፍ ጣቶቼን አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ አሳርፌ ኖሮ ገጹን ሙሉ ሰይጣን እንኳ የማይፈታው ነገር አድርጌ አወጣሁት። ደግነቱ ኃላፊያችን ሳያነቡ ፈረሙ፤ ክፋቱ ተቀባዮቹ አነበቡ። ማኅተም ያረፈበት፣ ቁጥር የተሰጠው፣ ግልባጭ የተደረገበት እንቶ ፈንቶ። ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ነው አልኩ። አጥፍተሽ አብሪውም እንደ ልማዱ አጥፍተሽ አብሪው አለኝ። ኃላፊያችን ግን ሁለተኛ እንዳይደገም አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ጣቶቼ ያረፉበትን ቁልፍ ሁለቴ እዳስሳለሁ።

ከሁሉ የሚብስብኝ ግን የቢሮው ወረቀት አይደለም፤ ያንተ ነው። ያንተን ደብዳቤ በምሳ ሰዓት መደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጠን የምታነብልኝ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት፣ ሳቂታ የምንላት። በኢሜይል የምትልከውን በወረቀት አሳትሜ፣ ዓይኔን ደክሞኛል ብዬ ነው የምሰጣት። እግዜር ይስጣት፣ ደግ ናት፤ ነገር ግን አንተ ቀልድ ስትጽፍ ቀልዱ ላይ ሳትደርስ ቀድማ ትስቃለች። እሷ ስታበቃ ቀልዱ ቀዝቅዞ ይደርሰኛል። ስለ ናፍቆትህ ስትጽፍ ደግሞ ድምፅዋ ይሰበርና እኔ እሷን ማባበል እጀምራለሁ። አንተን ለማግኘት በሰው ሳቅና በሰው እንባ ውስጥ ማለፍ ሰለቸኝ።

እንግዲህ አዲሱ ሲስተም የሚባለው ጽሑፍ በእኛው ቋንቋ ጮክ ብሎ ያነባል ተባለ። ስሰማ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። አጥፍተሽ አብሪው እንደሚለው ባለጸጋው ድምፁ ያማረ ነው፣ ግን የኛን ቋንቋ አልተማረም። ነጻው ያነባል፣ ሰምቼዋለሁም፤ በርሜል ውስጥ የገባ ሰው ቃል እየዋጠ ሲናገር አስበው፣ ከአንድ ገጽ በኋላ ራስ ምታት ነው። የአዲሱን የሙከራ ቅጂ ግን በራሱ ማሽን ላይ ጭኖ አስቀመጠኝ። እሱ ባሳየኝ፣ የቁልፎቹ ቦታ በተለወጠበት አዲስ አጻጻፍ አንድ በአንድ እየለቀምኩ «የእናቴ ልጅ እንደምን ነህ» ብዬ ጻፍኩ። የሴት ድምፅ ነው፤ የአውቶቡስ ጣቢያ ጥሪ እንደምታሰማ ሴት የተረጋጋች። የእናቴ ልጅ እንደምን ነህ አለች። አልዋጠችም፣ አልጎረሰችም። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ የሰውዬውን ቦርጭ በጥፊ መታሁት፣ በደስታ።

ወዲያው የመጨረሻውን ደብዳቤህን አምጣልኝ አልኩት። ከፈተው። ሴትየዋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ቅንፍ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ መቶኛ፣ ጥያቄ ምልክት፣ ኬ» እያለች ቀጠለች። እስከ መጨረሻው እንደዚያው። አንዲት ቃል፣ አንዲት እንኳ አላገኘሁህም። አጥፍተሽ አብሪው እንዳስረዳኝ፣ እኛ የምንጽፍበት የድሮው ፕሮግራም በባዕድ ፊደል ላይ የኛን ፊደል መልክ አልብሶ ነው የሚያሳየው። ሰው ልብሱን ያያል፣ ማሽኑ ግን የሚያየው ገላውን ነው። አስበው እስቲ። ይህን ሁሉ ዘመን በአማርኛ የጻፍኩ መስሎኝ ለማሽኑ አንዲት ፊደል ጽፌለት አላውቅም። አንተንም በዚያው ኪቦርድ ጣትህን እየያዝኩ ያስተማርኩህ እኔው ነኝ፤ ይኸው ዓይኔን ተክቶ ለሚመጣው ድምፅ የማይነበብ ወንድም አድርጌ አስቀመጥኩህ። የድሮውን ወደ አዲሱ የሚገለብጥ መሣሪያ አለ አለኝ፤ ሞከርነው፣ ግማሹን ፊደል እያምታታ የልጅህን ጥርስ መውለቅ ምን እንዳደረገው አልነግርህም።

ያን ጊዜ ነው ለሰውዬው የዓይኔን ነገር የነገርኩት፤ ከሐኪሟ ቀጥሎ ያወቀ እሱ ነው። ቦርጩን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ አጥፍተሽ አብሪው አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላው መጣ። አዲሱ ሲስተም ያረጀ ማሽን አይቀበልም። አዳዲሶቹ ማሽኖች ለሒሳብ ክፍል ታዘዋል፤ ለታይፕ ክፍል፣ ማለትም ለእኔ፣ ነጻውን ባረጀው ማሽን ላይ መጫን ይበቃል ተብሎ ተወስኗል፣ እሷ ከመጻፍ ሌላ ምን ሥራ አላት ተብሎ። አጥፍተሽ አብሪው ካልነገርሻቸው አይሰጡሽም አለኝ። ብነግራቸውስ? ፊደል የማያይ ታይፒስት ማን ያስቀምጣል? ባልናገር በበርሜሉ ድምፅ ራሴን እያመመኝ ሁለተኛ ደብዳቤ አበላሻለሁ፣ ብናገር ዛሬውኑ ወንበሬን አጣለሁ። ወዲያ ገደል ወዲህ ገደል።

እዚህ ድረስ ጽፌ ተነሥቼ ነበር። ወደ ኃላፊያችን ገብቼ አሁን ተመለስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የአዳራሹንም ደብዳቤ ጭምር። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጣታቸውን ዘርግተው ይህ ስንት ነው አሉኝ። ጣቱን አላየሁትም፣ የእጅጌዎ ቁልፍ ግን ተፈቷል አልኳቸው። ሳቃቸው አመለጣቸውና ቁልፉን ቆለፉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው፣ ፊታቸው ባይታየኝም ማዞራቸውን አወቅሁ፣ «እስቲ ቀኑ ሲደርስ እናያለን» አሉ። ይኸው ነው መልሱ። እሽም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። እሳቸው ያያሉ፤ እኔ እስከዚያ ምን ያህል እንደማይ ግን ማንም አልነገረኝም። ሰው ሁሉ አዲሱን የሚጠብቀው ለመልኩ ነው፣ እኔ ከዓይኔ ጋር እሽቅድድም ይዤ ነው የምጠብቀው።

ስለዚህ ገንዘብ አትላክልኝ፣ ዕቃም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፣ እንደ ታላቅ እህት አይደለም፣ እንደ ቸገራት ሰው ነው። የድሮውን አጻጻፍ ተወውና በአዲሱ ጻፍልኝ፤ ባረጀ ማሽንም ላይ ይሠራል። ጣቴ ለምዶታል እንደምትል አውቃለሁ፤ የኔም ጣት ለምዶት ነበር። እኔ በዚህ ዓይኔ ከተማርኩት አንተ በሁለት ደህና ዓይንህ አያቅትህም። ይህ ደብዳቤ የመጀመሪያዬ ነው፣ እያንዳንዱን ፊደል በዳሰሳ አግኝቼዋለሁ። አጭር ቢሆንም ግድ የለም፣ ሦስት መስመር ይበቃኛል፤ ቀልድ ግን አይጉደልበት። ማንም ሳይቀድመኝ እኔው ራሴ ልድረስበት።

ይህችን ኋላ ነው መሃል ያስገባኋት፤ ከመላኬ በፊት አጥፍተሽ አብሪው ምሳ ሲወጣ በእሱ ማሽን ላይ አስነበብኩት። ሴትየዋ «እንደምን ሰነበትክ» ባለችበት ድምፅ «ዓይኔ እየሄደ ነው» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች። አልራራችልኝም፣ አልተሰበረችም። እንዴት እንደወደድኳት። አልቅሼ ስጨርስም እሷ ከታች ያለው የመሰነባበቻ ሰላምታ ላይ ደርሳ ነበር።

ሰላምታዬን ለየራሳቸው አድርስልኝ። ለባለቤትህ፣ እንደ እህቴ ለማያት፣ ወገብህን እያሸች ስላቆየችህ እጇ ይባረክ በላት። ለትልቋ ልጅ፣ አክስትሽ እንደ ሕፃን ፊደል እየቆጠረች ነውና አግዣት በላት፤ አዲሱን አጻጻፍም ካቃተህ ከእሷ ተማር፣ አትፈር። ለጥርሰ ወላቃው፣ አዲሱ ጥርስ ሲበቅል ቀድሞ ለእኔ ይንገረኝ። ታች ቤት ለሚኖሩት አሮጊት ጎረቤትህም እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፣ ያ ሰውዬ ሲወጣም እናስታውቅሃለን ብላሃለች።

የዓይኔን ነገር ለእሷ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንተ በስልክ እንዳታወጣብኝ።

እህትህ እታለም
ከታይፕ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበሬ
ኅዳር ፲፬