ከጠበሉ ቦታ የወጣው ቪዲዮ

አቃቂ ቃሊቲ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮዳስ፣

እናትሽ ጠበል ቦታ ወድቃ ስትጮህ የሚያሳየው ቪዲዮ እንዲቀረጽ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። አክስትሽ ፈለቀች አይደለችም። ሰላምታውን ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት፣ ጤናሽን መጠየቅ ከጀመርኩ እንደ ሁልጊዜው እዚያው ላይ ስለምቀር ነው። አሁን ሰላም ላንቺ ይሁን። እንዴት ሰነበትሽ? አሠሪዎችሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በወረቀት የጻፍኩልሽ የስልክ ነገር ስላንገፈገፈኝ ነው። የጎረቤታችን የሰዓዳ ልጅ፣ ከውሲ፣ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ በእጇ ታደርስልሻለች።

ያን ቀን እንዲህ ነበር። ፈለቀች ጀሪካኗን ይዛ ጠበል ልትቀዳ ሄደች። እናትሽ ከሴቶቹ ጋር ተራዋን ትጠብቃለች። ካሜራ የያዘ ልጅ መጣና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ባለቤትዎ ናቸው? ምስክርነታቸውን ብንቀርጽ ለስንቱ ትምህርት ይሆናል» አለኝ። ከደብሩ የተላከ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ቄሱን ብጠይቃቸው እሳቸውም አያውቁትም። «ይቀረጽ» አልኩ፤ ስሜንም ተናገርኩለት። እናትሽ ብጠራት የምትሰማኝ ቦታ ነበረች። ሄጄ ልጠይቃት በሐሳቤም አልመጣ። ራሴን ስመረምረው ደግሞ ሌላም ነገር ነበረበት። የሚስቱን መዳን በሰው ፊት የሚመሰክር ባል መባል አምሮኝ ነበር።

ከዚያ ያየሽው ሆነ። የራስ ሕመሟ እጢ መሆኑ ያኔ ገና አልታወቀም። ውሃው ሲነካት ወደቀች፣ ነጠላዋ ተገፈፈ፣ ጮኸች። የቀረጹትም ሰዎች «የተደበቀው መንፈስ ለፈለፈ፣ እስከ መጨረሻው ይመልከቱ» ብለው ለቀቁት። ፈለቀች በቪዲዮው ዳር ስልክ ይዛ የምትታየው እየቀረጸች አይደለም። እኔ ጋ እየደወለች ነበር፤ «እየቀረጿት ነው፣ ና አስቁማቸው» ልትለኝ። እኔ በወንዶቹ በኩል ሆኜ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲጮህ እየሰማሁ አላነሳሁትም።

አንቺ «አክስቴ ናት የሸጠቻት» ስትይ ዝም አልኩ። እዚያ ያሉ ልጆች «የመንፈሷ ልጅ» እያሉ እንዳሾፉብሽ ስትነግሪኝም ዝም አልኩ። እናትሽ ካረፈች በኋላ ፈለቀች ደውላልሽ ስልኩን ስትዘጊባት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ለማስጠፋት ያልረገጥኩት ደጃፍ የለም። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ የተማረ ሰው ነው ብዬ ባማክረው፣ «ከስልክህ ላይ አጥፋው፣ ይጠፋል» አለኝ። አጠፋሁት። በማግስቱ ሌላ ሰው ስልክ ላይ አየሁት። «እንግዲያው እሱም ያጥፋዋ» አለኝ። አገሩን ቤት ለቤት ዞሬ ላስጠፋ ነው? አንድ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ «ምስሉ ላይ ያሉት ባለጉዳይ ራሳቸው ቀርበው ያመልክቱ» አለችኝ። «አርፋለች፣ ልጄ» ብላት፣ «ታዲያ ውክልናቸውን ይዘው ይምጡ» አለች። ውክልናውን ማን ይስጠኝ? መቃብር ሄጄ ላስፈርም?

አቃቂ በሰቃ ስልክ የሚጠግነውን ታጁን ታውቂዋለሽ። ጠዋት ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ሱቁ ጎራ እያልኩ «አለ ወይ?» እለዋለሁ፤ ከፍቶ ያሳየኛል። የእድሩን ሰዎችም፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹንም «እስቲ በየስልካችሁ እዩልኝ፣ ጠፍቶ እንደሆነ» ስላቸው ከረምኩ። አንድ ቀን ታጁ መፍቻውን አስቀመጠና፣

«ጋሽ ወልዴ፣ እስቲ ይቀመጡ። ይህን ቪዲዮ ከፍ ከፍ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ።

«ሰይጣን ነዋ።»

«ሰይጣንማ በምን ዳታው። እርስዎ ነዎት። አንድ ሰው ባየው ቁጥር ኢንተርኔቱ ተፈላጊ ነው ብሎ ለሌላው ይወረውረዋል። እርስዎ ደግሞ አቃቂን በሙሉ እያስከፈቱ ነው።»

«እኔ መጥፋቱን ላጣራ ነው የማየው።»

«ለማጣራት መጀመሪያውን ማየት ይበቃል። እርስዎ እኮ እስከ መጨረሻው ነው የሚያዩት።»

መጨረሻው ላይ እናትሽ ከወደቀችበት ቀና ብላ «ወልዴ የት አለ?» ትላለች።

ታጁ ቀጠል አድርጎ፣ «አሁን እኮ የሰውን ገመና ያለ ፈቃድ መበተን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል አሉ፤ ለምን አይከሷቸውም?» አለኝ። ያለ ፈቃድ። የፈቀድኩት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።

ቪዲዮውን የለቀቁትን ሰዎች አጠያይቄ ሳሪስ አቦ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ አገኘኋቸው። አለቃቸው ቀጀላ የሚባል ጎልማሳ ነው። ጨዋ ነው፤ ይበልጥ ያበሸቀኝም ጨዋነቱ ነው። ወንበር ሰጥቶኝ የራሴን ድምፅ አሰማኝ፦ «እኔ ወልደሚካኤል ነኝ፣ ይቀረጽ።»

«የገዛ ሚስቴ ናት፤ ሃሳቤን ቀይሬያለሁ» አልኩት።

«አባቴ፣ ነገ እኅታቸው መጥተው ለምን አጠፋችሁ ቢሉኝስ? ቤተሰቡ ተስማምቶ ይምጣና አጠፋዋለሁ።»

እኅቷ ማለት ፈለቀች ናት። እሷን ይዤ ልሂድ ካልኩ ደግሞ መጀመሪያ ማን እንደፈቀደ ልነግራት ነው። ክረምቱ በሙሉ በዚህ አለፈ። በጸሎቴ «ቪዲዮውን አጥፋልኝ» እያልኩ አምላኬን ሳደክም፣ ለእኔ የቀረችኝ ሥራ አንዲት ነበረች፤ እሷን አልሠራ አልኩ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ቱሉ ዲምቱ ወረድኩ። ፈለቀች በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣለች። ቆሜ ነገርኳት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የዚያኑ ዕለት። ልጁን ኮሌታውን ይዤ ብጠይቀው፣ ባልየው ፈቅደዋል አለኝ።»

«ታዲያ ለሮዳስ ለምን አልነገርሻትም?»

«እናቷን አጥታለች። አባቷንም ልቀማት?» አለችና አንሶላውን ዘርግታ ስታበቃ፣ «እንዲህ የምትቆይ ግን አልመሰለኝም» አለችኝ። ግባም ሳትለኝ ዕቃዋን ይዛ ገባች። ትንሽ ቆይታ በሩን ከፈተችልኝ።

«ሚስቴ ናት» እያልኩ ስንት ሰው ተከራከርኩ መሰለሽ። የእናትሽን አሮጌ ቀሚስ ለነዳያን ስሰጥ እንኳ እጠይቃት ነበር። ፊቷንና ጩኸቷን ግን ለማላውቀው ሰው ሳልጠይቃት ሰጠሁ።

ልጄ፣ እኔን የፈለግሽውን ያህል ተቀየሚኝ፣ ይገባኛል። ለአክስትሽ ግን ደውዪላት። ምርቃቱን እዚህ ላይ አደርገዋለሁ፤ የቀረውን ከጻፍኩ በኋላ ሌላ ቃል አልጨምርም። የአቦ አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። በሰው ቤት ሞገስ፣ በሰው አገር ዘመድ ይስጥሽ። ሮጠሽ ከመድከም፣ ሠርተሽ ከማጣት ያውጣሽ። አሜን።

ትናንት ከፈለቀች ጋር ሳሪስ ሄድን። ፈቃዱን ያለ እናትሽ ዕውቀት እንደሰጠሁ በፈለቀች ፊት ለቀጀላ ነገርኩት። «ሌሎች ቆራርጠው የወሰዱትን እኔም መልቀም አልችልም፤ የእኛን ግን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አለ። ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዙሮ ከፈተው። ከዚያ እጁን ያዝ አደረገና፣ «ሌላ ድምፃቸው የተቀዳበት አላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም» አልኩ።

«እንግዲያው ሳላጠፋው አንድ ኮፒ በፍላሽ ላድርግልዎ፤ ለራስዎ ብቻ።»

ፈለቀች አየችኝ። ድምፅሽን ላስቀረው ወይ ብዬ እናትሽን ብጠይቃት ምን ትለኝ እንደነበር አሰብኩ።

«አልወስድም፣ አጥፋው» አልኩት። እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁ።

አባትሽ ወልደሚካኤል